የሞተ ባትሪ የማን ነው? ባትሪን በመያዣ ሸጦ መልሶ የመሰብሰብ አሠራር ለድሬዳዋ ሻጮችና ጥገና ቤቶች

ባትሪ አዲስ ሳለ ባለቤቱ ብዙ ነው። አስመጪው ከጅቡቲ ወደብ ያወጣዋል፤ ጅምላ ሻጩ ዋስትና ይጽፍለታል፤ ቸርቻሪው ደረሰኝ ይቆርጥለታል፤ ባለባጃጁ ከፍሎ ይወስደዋል። የሞተ ዕለት ግን እጅ ሁሉ ወደ ኋላ ይሰበሰባል። አስመጪው ሸጫለሁ ይላል፤ ቸርቻሪው የዋስትናው ጊዜ አልፏል ይላል፤ ባለባጃጁ ለቆራሌው ሰጥቶ ይገላገላል። ይህን መመሪያ የምጽፈው ያ እጅ እንዳይሰበሰብ ማድረግ እንደሚቻል በራሴ ሱቅ ስላየሁት ነው።

መገላ ውስጥ ባትሪና የፀሐይ ኃይል ዕቃ እሸጣለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ደቻቱ ወንዝ ዳር አንድ ልጅ አሮጌ ባትሪ በመጥረቢያ ጀርባ ሲፈልጥ አገኘሁት። ዕድሜው ከአሥራ አራት አይበልጥም። አሲዱ አሸዋው ውስጥ እየሰረገ ነው። ባትሪው ላይ ደግሞ የእኔ ሱቅ ወረቀት ሳይነሣ ተለጥፎበታል። ለምን እንደሚደፋው ስጠይቀው፣ "ጋሼ፣ ሰውየው የሚመዝንልኝ ያለ ውኃው ነው" አለኝ። ልጁን አሲድ ያስደፋው አለማወቅ ብቻ አልነበረም፤ የሚዛኑ ደንብ ነበር። ደንቡን ያወጣነው ደግሞ እኛ ነጋዴዎች ነን። ስለዚህ ከዚህ በታች የምትመለከቱት አሠራር በአብዛኛው ደንብ ስለመለወጥ ነው፤ ስለ ምክር አይደለም።

ከመጀመራችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ

የመኪናም ሆነ የባጃጅ ባትሪ ከክብደቱ 60 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ እርሳስና የእርሳስ ውሁድ ነው። ውስጡ ያለው ፈሳሽ፣ በተለምዶ "የባትሪ ውኃ" የምንለው፣ በውኃ የቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። አሮጌው አሲድ ደግሞ ከአዲሱ ይከፋል፤ ባገለገለበት ዘመን ሁሉ በውስጡ ካሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች የተፋቀ እርሳስ ይዞ ይወጣልና። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ጉዳት የማያስከትል የእርሳስ መጠን የሚባል ነገር የለም። ሕፃናት ደግሞ መሬት ለመሬት ስለሚድሁ፣ እጃቸውንም ወደ አፋቸው ስለሚወስዱ፣ ከአዋቂ ይልቅ አብዝተው ይወስዱታል፤ የሚጎዳውም ገና በማደግ ላይ ያለ አንጎላቸውን ነው።

ይህ በወሬ የቀረ ስጋት አይደለም። በሴኔጋል፣ ዳካር አጠገብ ባለችው ቲያሮይ ሱር ሜር በምትባል ሠፈር፣ እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻና በ2008 መጀመሪያ ባሉት ወራት 18 ሕፃናት ሞተዋል። ምክንያቱ ሠፈሩ ውስጥ አሮጌ ባትሪ ይሰበርና እርሳሱ ይለቀም ስለነበር ነው። በኬንያ፣ ሞምባሳ ውስጥ ኦዊኖ ኡሁሩ የሚባል መንደር ነዋሪዎችም ከባትሪ ማቅለጫ በወጣ እርሳስ ተመርዘው ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ2020 ፍርድ ቤት 1.3 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሳ ፈረደላቸው። ጉዳዩ ከዚያ በኋላም በይግባኝ ተመላልሷል፤ እኔን የሳበኝ ግን ያ ፍርድ ጥፋቱን ያከፋፈለበት መንገድ ነው። ካቀለጠው ኩባንያ በተጨማሪ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም እንደየድርሻቸው እንዲከፍሉ ወስኗል። ኃላፊነትን ተካፍሎ መሸከም ያልፈለጉ ሁሉ፣ ዕዳውን ተካፈሉት።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ ድሬዳዋ የምትጠጣው ከከርሰ ምድር የሚወጣ ውኃ ነው። ደቻቱ ደግሞ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ይተኛል፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ለግንባታ አሸዋ ይዛቅበታል። ውኃ ሲመጣ እንዴት እንደሚመጣ ለድሬ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት የደረሰው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። አሸዋው ላይ የደፋነው ነገር እዚያው የሚቆይ የሚመስለው ካለ፣ ያን ሌሊት ያስታውስ።

ሕጉም ከዚህ የራቀ አይደለም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 92 አካባቢን የመንከባከብን ግዴታ ለመንግሥትና ለዜጎች በአንድ ላይ ነው የሰጠው። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 አለ፤ የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010ም አለ። ያገለገለ የእርሳስ ባትሪ ኢትዮጵያ በተቀበለችው፣ የአደገኛ ቆሻሻን ከአገር አገር ዝውውር በሚቆጣጠረው የባዝል ስምምነት መሠረት አደገኛ ቆሻሻ ተብሎ የተመደበ ነው። አምራች የዕቃውን መጨረሻ ጭምር ይቁጠር የሚለውን ሐሳብ በስም ሰይሞ ያቀረበው ስዊድናዊው ቶማስ ሊንድክቪስት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ለአገሩ የአካባቢ ሚኒስቴር በጻፈው ሪፖርት። ለእኛ ግን ሐሳቡ ያን ያህል እንግዳ አይደለም። ለስላሳና ቢራ በሳጥን የገዛ ሁሉ ያውቀዋል፤ ባዶው ጠርሙስ እስኪመለስ መያዣ ያስይዛል።

ደረጃ 1፦ የአንድ ባትሪ ጉዞ በወረቀት ላይ ይስፈር

አንድ ወረቀት ውሰዱና ከሱቃችሁ አንድ ባትሪ ምረጡ። ከላይ ወደ ታች ጻፉ፦ ማን አመጣው፣ ማን በጅምላ ሸጠልኝ፣ እኔ ለማን ሸጥኩት፣ የት ጋራዥ ታሰረ፣ ሲሞት ማን ወሰደው፣ ከዚያስ? እኔ ስጽፈው ስድስተኛው መስመር ላይ ብዕሬ ቆመ። ቆራሌው ለማን እንደሚሸጥ አላውቅም ነበር። ሄጄ ጠየቅሁት፤ ጠይቁ እናንተም። ያቺ ባዶ መስመር ካልሞላች የሚቀጥሉት ደረጃዎች ሁሉ አየር ላይ ይቆማሉ።

ስትጠይቁ እንደ ፖሊስ አትጠይቁ። ቆራሌው ዕቃውን የት እንደሚያደርስ ቢነግራችሁ እንጀራው እንደሚቀማ ከጠረጠረ አይነግራችሁም፤ ልክም ነው። ቀድማችሁ "አብረን የምንሠራው ሥራ አለኝ" በሉት፤ ቃላችሁንም ጠብቁ።

ደረጃ 2፦ ሸክሙን ተካፈሉ

ጅምላ ሻጩን፣ ሁለት ሦስት ቸርቻሪ፣ የጋራዥ ባለሙያዎችን፣ ከባለባጃጆች ማኅበር አንድ ሰው፣ ከቆራሌዎቹ ደግሞ የሚከበር አንድ ሰው በአንድ ጠረጴዛ አስቀምጡ። ከጠዋቱ ሥራ በፊት ወይም ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በረድ ሲል ይሁን፤ በቀትር ድሬዳዋ ላይ ስብሰባ የጠራ ሰው ባዶ ወንበር ይሰበስባል። አስመጪው አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ስለሚሆን በጅምላ ሻጩ በኩል ጥያቄው በጽሑፍ ይድረሰው።

ሸክሙ እኩል ይከፈል ማለቴ አይደለም። ከሁሉ የሚበዛው ድርሻ የአስመጪው ነው፤ ምክንያቱም ከፋብሪካ የትኛውን ባትሪ እንደሚገዛ የሚወስነው እሱ ብቻ ነው። በስምንት ወር የሚሞት ባትሪና ሦስት ዓመት የሚያገለግል ባትሪ መካከል ያለው ምርጫ በእሱ እጅ ነው። የሞተውን የሚረከብ ፈቃድ ያለው ድርጅት የማፈላለግና የጭነቱን ወጪ የመሸፈን ነገርም ለእሱ ይቀላል። ጅምላ ሻጩ አዲስ ባትሪ አራግፎ ባዶውን የሚመለሰው አይሱዙ አሮጌውን ጭኖ እንዲመለስ ያድርግ። ይህ ወጪውን በጣም የሚያቀል ነገር ነው፤ ባዶ መኪና የሚመለሰው ሁልጊዜ ነው።

ቸርቻሪው መያዣ ይቀበላል፣ ይመልሳል፣ ያከማቻል። የጋራዥ ባለሙያው አሲድ አይደፋም፣ ሳይመረምርም ሞቷል ብሎ አይፈርድም። ባለባጃጁ ባትሪውን በወጉ ይይዛል፣ ሲያልቅም ሙሉውን ይመልሳል። ቆራሌው ሳይሰብር ያመጣል፣ ለዚያም ይከፈለዋል። የአስተዳደሩ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ደግሞ ማከማቻችንን አይቶ ጉድለታችንን ይንገረን፣ የተረካቢውንም ፈቃድ ያረጋግጥልን። ይህን በአንድ ገጽ ጻፉትና ሁሉም ይፈርምበት። በአማርኛ ብቻ አይሁን፤ በኦሮምኛና በሶማሊኛም ይጻፍ። ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ቋንቋ የተጻፈ ውል ግማሹን ገበያ ይዘነጋል።

ደረጃ 3፦ መያዣውን ቁረጡ

አሠራሩ ሁሉ የሚቆመው ወይም የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ደንበኛ አዲስ ባትሪ ሲገዛ አሮጌውን ይዞ ከመጣ መያዣ አይከፍልም። ካላመጣ ከዋጋው በላይ መያዣ ያስይዛል፤ አሮጌውን ሲያመጣ ይመለስለታል። ከለስላሳ ሳጥን ልዩነት የለውም። በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች የመኪና ባትሪ የሚሸጠው በዚህ መንገድ ነው።

የመያዣው መጠን አንድ ሕግ ብቻ አለው፦ ቆራሌው ለአሮጌ ባትሪ ከሚከፍለው ዋጋ መብለጥ አለበት። ለምሳሌ በሠፈራችሁ አንድ አሮጌ የመኪና ባትሪ በ1,000 ብር የሚሸጥ ከሆነ መያዣው 800 ብር ቢሆን ማንም አይመልስላችሁም፤ 1,400 ብር ቢሆን ግን ባትሪው ራሱ መንገዱን ያውቃል። የእርሳስ ዋጋ ስለሚዋዥቅ በየሦስት ወሩ የገበያውን ዋጋ ጠይቁና አስተካክሉ። ቀድሞ የተያዘ መያዣ ግን በተያዘበት መጠን ይመለሳል፤ ደንበኛን በዚህ አታጭበርብሩ።

ቀጥሎ የሚዛኑ ነገር አለ። ባትሪ ስትቀበሉ ፈሳሹ እንዳለ፣ ክዳኑ እንደተዘጋ፣ ቅርፊቱ ሳይሰነጠቅ የመጣውን ሙሉ ክፈሉት። የተደፋውን ግማሽ ብቻ ክፈሉ፤ ለምን እንደሆነም ንገሩት። ይህን አንድ መስመር ግድግዳ ላይ በትልቁ ጻፉት። እኔ ሱቅ ይህ ከተጻፈ ወዲህ ባሉት ወራት ተደፍቶ የሚመጣው ባትሪ ከዕለት ወደ ዕለት እየቀነሰ ሄደ። ማንም ስለ አካባቢ ትምህርት አልሰጠም። ሚዛኑ ብቻ ተለወጠ።

ደረሰኝ የሌለው ሰው ባትሪ ቢያመጣስ? አትመልሱት። የመያዣ ገንዘብ አይገባውም፤ ከቆራሌ ዋጋ ግን ትንሽ ጨምራችሁ ግዙት። ቆራሌዎቹም በዚሁ በር ይግቡ። ከእኔ ጋር የሚሠራው ቆራሌ ዛሬ ከሳቢያን እስከ ለገሀሬ ዞሮ ሙሉ ባትሪ ያመጣል፤ ቀድሞ ከሚያገኘው ይበልጥ ያገኛል፣ እጁም አይቃጠልም።

የመያዣው ገንዘብ የእናንተ አይደለም። ይህን በራሴ ጥፋት ነው የተማርሁት። በመጀመሪያው ክረምት ከተያዘው ገንዘብ ዕቃ ገዛሁበት፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ አራት ሰው ባትሪ ይዞ መጥቶ መክፈል አቃተኝ። አንደኛው አዛውንት፣ "ልጄ፣ አደራ ነው ብለኸኝ አልነበር?" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ መያዣው በተለየ መሳቢያና በተለየ ደብተር ይቀመጣል፤ ሲበዛም በተለየ የባንክ ሒሳብ።

ከአሮጌው ባትሪ ሽያጭ የሚገኘውን ገንዘብስ? መጀመሪያ ለማከማቻና ለጭነት ይውላል። የተረፈውን ከአዲሱ ባትሪ ዋጋ ላይ ቀንሱ። ደንበኛው መልካም በመሥራቱ የሚያገኘውን በኪሱ ካላየው፣ በሚቀጥለው ጊዜ መያዣ ወደማይጠይቀው ጎረቤት ይሄዳል። ለዚህም ነው አንድ ሱቅ ብቻውን ባይጀምረው የሚሻለው። ከአንድ ጅምላ ሻጭ የምትገዙ ሱቆች በአንድ ቀን፣ በአንድ መጠን ጀምሩ።

ደረጃ 4፦ ደረሰኙና ወረቀቱ

ደረሰኙ ላይ ዋጋውና መያዣው በየመስመሩ ተለይተው ይጻፉ። ባትሪው ላይ የሚለጠፈው ወረቀት የሱቁን ስም፣ የተሸጠበትን ወርና ዓመት፣ "ሲያልቅ ወደዚህ ይመለስ" የሚል ቃል ይያዝ። በቋሚ ቀለም ጻፉት፤ እስክሪብቶ በድሬዳዋ ፀሐይ ሁለት ወር አይቆይም።

ደረጃ 5፦ ባትሪው ቶሎ እንዳይሞት አድርጉ

ከሁሉ የሚቀለው ቆሻሻ ያልተወለደው ነው። ባትሪን ሙቀት ይገድለዋል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል የሚል የባለሙያዎች ስሌት አለ። እኛ ግንቦትና ሰኔን እናውቃለን። ስለዚህ ስትሸጡ ለደንበኛው ይህን ንገሩት።

ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ በየሁለት ሳምንቱ ይታይ፤ ፈሳሹ ሰሌዳዎቹን ካልሸፈነ ንጹሕ ዲስትልድ ውኃ ብቻ ይጨመርበት። የቧንቧ ውኃ ክልክል ነው። የድሬዳዋ ውኃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚተወውን ነጭ ድንጋይ ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። አሲድም አይጨመርበት፤ የሚተነው ውኃው እንጂ አሲዱ አይደለም። ማሠሪያው ጠበቅ ብሎ ይታሰር፤ በኮረኮንች መንገድ የሚነጥር ባትሪ ሰሌዳው ይረግፋል። ለፀሐይ ኃይል የሚያገለግል የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ሌሊቱን ከግማሽ በታች አይውረድ።

ለጋራዥ ባለሙያዎች አንድ ልመና አለኝ። "ሞቷል" ከማለታችሁ በፊት ባትሪውን ሙሉ በሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ፣ ለጥቂት ሰዓታት አሳርፋችሁ፣ በቮልት መለኪያ ለኩት። 12.6 አካባቢ ካሳየ ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ነው፤ ችግሩን መጀመሪያ ዳይናሞው ወይም ሽቦው ላይ ፈልጉ። ቻርጅ ተደርጎም ከ12 በታች ከወረደ ደክሟል። 10.5 አካባቢ ካሳየ ከስድስቱ ክፍሎች አንዱ ሞቷል፤ ያ አይድንም። ያለ ጊዜያቸው የሚቀየሩ ባትሪዎች በዚህ አንድ ልኬት ይተርፋሉ፤ የሹፌሩም ገንዘብ ይተርፋል።

ደረጃ 6፦ ማከማቻ ማዘጋጀት

ጣራ ያለው፣ አየር የሚገባበት፣ ልጆች የማይደርሱበት፣ እሳትና የብየዳ ብልጭታ የማይቀርበው ጥግ ምረጡ። ወለሉ ሲሚንቶ ይሁን፣ ስንጥቅ ካለው ይደፈን፤ በላዩም ወፍራም ላስቲክ ይነጠፍ። ባትሪዎቹን መሬት ላይ ሳይሆን በእንጨት ርብራብ ላይ ደርድሩ። ቁመው፣ ክዳናቸው ወደ ላይ ሆኖ ይቀመጡ። ሁለቱ የባትሪ ጫፎች በላስቲክ ቴፕ ይሸፈኑ፤ የሞተ ባትሪ ውስጥም ብልጭታ የሚያስነሣ ኃይል ይቀራል። በአንዱ ላይ ሌላውን ስትደርቡ በመካከል ካርቶን አድርጉ፤ ከሦስት ድርብ አትለፉ። የሚያፈስሰውን ለብቻው በፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ አኑሩት።

አትክፈቱ። አትድፉ። አትስበሩ። የተቆረጠ የባትሪ ሣጥን ለፍየል ውኃ ማጠጫ ወይም ለአበባ መትከያ መስጠትም ክልክል ነው፤ ቅርፊቱ እርሳስ ይዞ ይቀራል።

ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ አትጥረጉ፤ አቧራው ነው የሚመርዘው። በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። እዚያ የሚሠራ ሰው የላስቲክ ጓንትና የተለየ የሥራ ልብስ ይኑረው፤ ከመብላቱም፣ ጫት ከመያዙም በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ። የሥራ ልብሱን ወደ ቤት አይውሰድ። ልጅ አቅፎ የሚስመው በዚያ ልብስ ነውና።

ደረጃ 7፦ ቢፈስስ

ዱቄት ቤኪንግ ሶዳ በባልዲ፣ ደረቅ አሸዋ በሌላ ባልዲ ምንጊዜም ዝግጁ ይሁኑ። የፈሰሰውን በአሸዋ ክበቡት፣ ሶዳውን ጨምሩበት፤ መፍላቱን ሲያቆም አሲድነቱ በአብዛኛው ጠፍቷል። እርሳሱ ግን አልጠፋም። ስለዚህ ያን አሸዋ ወደ ቦይ አትጥረጉት፤ ክዳን ባለው ፕላስቲክ ጀሪካን አድርጋችሁ ከባትሪዎቹ ጋር ለተረካቢው ስጡ።

ሰውነት ላይ ከነካ ልብሱ ይውለቅና በብዙ ንጹሕ ውኃ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ይታጠብ። ሶዳ ገላ ላይ አይደረግም። ዓይን ከገባ ዓይንን ከፍቶ በማያቋርጥ ውኃ እያጠቡ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው፤ እስኪሻለው መጠበቅ የለም።

አዲስ ባትሪ ሱቅ ውስጥ አሲድ ሞልታችሁ የምትሸጡ ከሆነ ደግሞ ይህን ከልቤ እለምናችኋለሁ፦ የተረፈውን አሲድ በሃይላንድ አታስቀምጡ። ድሬዳዋ ሙቀት ነው፤ ልጅ ከሩጫ መጥቶ ሃይላንድ ካየ ሳይጠይቅ ያነሣል። በራሱ ዕቃ፣ ጽሑፍ ተለጥፎበት፣ ቁልፍ ያለው ቦታ ይቀመጥ።

ደረጃ 8፦ ለማን ታስረክባላችሁ?

ዋጋ አብልጦ ለሚሰጥ ሁሉ አይደለም። ግቢው ውስጥ በከሰል የሚያቀልጥ ሰው ምንጊዜም ፈቃድ ካለው ፋብሪካ የተሻለ ዋጋ ያቀርባል፤ የጭስ ማጣሪያ አይገዛ፣ የሠራተኛ ደም አያስመረምር። ያን ልዩነት የሚከፍሉት ጎረቤቶቹ ናቸው። እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ማንም በጓሮ ሊያቀልጠው ይችላል፣ ጭሱን ግን ማንም በጓሮ ሊይዘው አይችልም።

ተረካቢውን አደገኛ ቆሻሻ ለመያዝ የተሰጠውን ፈቃድ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ ቁጥሩን ጽፋችሁ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አሳዩ። ወደ ውጭ አገር እልካለሁ የሚል ከሆነ በባዝል ስምምነት መሠረት የተቀባዩ አገር አስቀድሞ በጽሑፍ መስማማት እንዳለበት እወቁ፤ ወረቀቱ ከሌለ ጭነቱ ኮንትሮባንድ ነው። ሲጫን እናንተው ቁሙ፤ በፊታችሁ ይመዘን፤ ብዛቱና ክብደቱ የተጻፈበት ደረሰኝ በሁለት ቅጂ ይፈረም። መኪናው ላይ ባትሪዎቹ ቁመው በገመድ ይታሰሩ፣ ከሥራቸው ላስቲክ ይነጠፍ። ከሰው፣ ከእህልና ከከብት ጋር አይጫኑም።

የሊቲየም ባትሪ ሌላ ነገር ነው

በአዲሱ የፀሐይ መብራት፣ በስልክና በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ያለው ሊቲየም ከእርሳሱ ጋር አይቀላቀል። አሲድ የለውም፤ ነገር ግን ከተወጋ ወይም ከተጨፈለቀ በውኃ በቀላሉ የማይጠፋ እሳት ይነሣበታል። ያበጠውን ቻርጅ አታድርጉ፣ ደረቅ አሸዋ ባለበት የብረት ዕቃ ለብቻው አኑሩት። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ ትልልቆቹ የሊቲየም ባትሪዎች መሞት ሲጀምሩ ጥያቄው ወደ እኛ ይመጣል። ዛሬ የኤሌክትሪክ መኪና የምታስመጡ ሰዎች አሮጌውን ማን እንደሚረከብ በግዢ ውላችሁ ውስጥ አሁኑኑ አስገቡት፤ ከስምንት ዓመት በኋላ ስልክ የሚያነሣላችሁ አታገኙም።

ደረጃ 9፦ ሒሳቡን ግድግዳ ላይ ጻፉት

በየወሩ መጨረሻ ሁለት ቁጥር ብቻ ጻፉ፦ የተሸጠ ስንት፣ የተመለሰ ስንት። ከአሥር ሦስት ከተመለሰ መያዣው አንሷል ማለት ነው፤ ጨምሩ። ስምንት ከተመለሰ ደህና ናችሁ። በየመንፈቁ የፈረማችሁት ሰዎች ተገናኙ፤ አጀንዳው ያ የግድግዳ ቁጥርና የተረካቢው ደረሰኝ ይሁን። የአስመጪውን ተወካይ ስትጠሩ ከሁሉ ቀድሞ የሞቱትን ባትሪዎች በዓይነትና በዕድሜ የዘረዘራችሁበትን ገጽ አቅርቡለት፤ የትኛው ስምንት ወር፣ የትኛው ሦስት ዓመት እንደቆየ እየነካ ይይ። የሚቀጥለውን ትዕዛዝ ያን ገጽ በእጁ ይዞ ይጻፍ።